በካሬ ስንት ነው?

ይህን ከእኔ ሰማን እንዳትሉ። ቦሌ መድኃኔዓለምም ይሁን ገርጂ፣ ሰሚትም ይሁን አያት፣ ታፔላ ቤት የገባ ደንበኛ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «በካሬ ስንት ነው?» እኛም ሳናመነታ ቁጥር እንጠራለን። ቁጥሩ ከአፋችን ይውጣ እንጂ የኛ አይደለም፤ የሕትመት ማሽን ባለቤቱ ቁጥር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእነዚህ ሰፈሮች አነስተኛ ታፔላ ቤቶች ብዙዎቹ ትልቁ ፕሪንተር የላቸውም። ያላቸው አንድ ኮምፒውተር፣ ከቀናቸው ስቲከር የምትቆርጥ ፕሎተር፣ ግድግዳ ላይ የሚበሩ ሁለት ሦስት የናሙና ፊደሎች፣ አንድ መሰላልና ብዙ ስልክ ቁጥር ነው። ዲዛይኑ በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ወደ ሕትመት ቤት ይሄዳል። ፍሬሙን በያጅ ከቱቦላሬ ይሠራዋል። መብራቱን ሌላ ሰው ያገናኛል፤ መስቀሉ ደግሞ ከፍታ የማይፈሩ ልጆች ሥራ ነው። ታፔላ ቤቱ የሚሸጠው ይህን ሁሉ አገናኝቶ፣ ተከራክሮ፣ አስፈጥኖ በሩ ላይ ማድረሱን ነው።

ለሕትመት ቤቱ የካሬ ዋጋ ትክክለኛ ዋጋ ነው። ቀለሙም፣ ሮሉም፣ ማሽኑ የሚሠራበት ሰዓትም ከስፋቱ ጋር ይጨምራል፣ ከስፋቱ ጋር ይቀንሳል። የኛ ድካም ግን ስፋት አይከተልም። ግማሽ ካሬ የማትሞላ የክሊኒክ ታፔላ ዲዛይኗ ሦስት ጊዜ ተቀይሮ፣ ሁለት ቀን ተሮጦላት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ልትሰቀል ትችላለች። ሃያ ካሬ የግንባታ አጥር ባነር ደግሞ በግማሽ ቀን ያልቃል። ልብስ ሰፊ እንኳ ሱፍ ሲሰፋ በጨርቁ ሜትር ብቻ አያስከፍልም። እኛ ግን ዓመት ከዓመት በካሬ እየሸጥን «ሥራ አለ፣ ገንዘብ የለም» እንባባላለን።

ካሬው ራሱም ሙሉውን እውነት አይናገርም። የስቲከር ሮል በብዛት የሚመጣው 1.27 ወይም 1.52 ሜትር ወርድ ኖሮት፣ 50 ሜትር ያህል ተጠቅልሎ ነው። ደንበኛው ቁመቱ 90 ሳንቲም የሆነ ሥራ ካዘዘ ከ1.27ቱ ሮል 37 ሳንቲሙ ቁራጭ ሆኖ ይቀራል፤ ከገዛነው 29 በመቶው ማለት ነው። ለሌላ ሥራ ይሆናል እያልን እናስቀምጠዋለን፤ ጥግ ላይ አቧራ ለብሶ ይከርማል። አክሪሊክና አሉኮቦንድ በብዛት የሚሸጡት በ1.22 በ2.44 ሜትር ሺት ነው። ስለዚህ «ቁመቱን 1.30 አድርግልኝ» ያለ ደንበኛ ለ8 ሳንቲም ሲል ሌላ ሺት ያስቆርጣል፤ በዚያ ላይ የመገጣጠሚያው መስመር ከመንገድ ማዶ ይታያል። ልምድ ያለው ታፔላ ሠሪ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ «1.20 ቢሆን የበለጠ ያምራል» ሲላችሁ ስለ ውበት ብቻ እያወራ አይደለም። ቅር አይበላችሁ፣ ለናንተም ይረክሳል።

እስቲ በብር እናውራ። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ መርጫቸዋለሁ፤ የዛሬን ገበያ ራሳችሁ ጠይቁ። መጀመሪያ የቤቱ አንድ ቀን ስንት እንደሚያወጣ ይታወቅ። ኪራዩ፣ ደመወዙ፣ መብራቱ፣ ኢንተርኔቱና የሒሳብ ሠራተኛው ተደምሮ በወር 60,000 ብር ቢሆን፣ በወሩ ውስጥ የምር የሚሠራበት ደግሞ 20 ቀን ቢሆን፣ አንዱ ቀን ገና በሩ ሲከፈት 3,000 ብር በልቷል። አሁን 4 ሜትር በ1 ሜትር የሆነ ባለመብራት ታፔላ ታዘዘ እንበል። ሕትመቱ፣ ቱቦላሬው፣ ኤልኢዲውና ፓወር ሰፕላዩ 10,000። ብየዳው 3,000። ማመላለሻውና ገጠማው 4,000። ሥራው ቤቱን ሁለት ቀን ይይዛል፤ ይህ 6,000 ነው። አንድ ቀን ተጠርተን ተመልሰን መሄዳችን ስለማይቀር ለመመለሻ 1,000። ድምሩ 24,000 ብር።

አብዛኛው ጀማሪ የሚሸወደው ከዚህ በኋላ ነው። «25 በመቶ ላትርፍ» ይልና 24,000 ላይ ሩቡን ጨምሮ 30,000 ይጠራል። ከ30,000 ውስጥ 6,000 ግን 20 በመቶ ብቻ ነው። ከተቀበለው ብር ሩቡ እንዲቀርለት ከፈለገ 24,000ን ለ0.75 ማካፈል አለበት፤ 32,000 ይመጣል። በአንድ ታፔላ 2,000 ብር፣ በወር አሥር ታፔላ ለሚሰቅል ቤት 20,000 ብር ሳይታወቅ ይፈስሳል።

በ32,000 ተስማማን እንበል። ደንበኛው ተነስቶ በሩ ጋ ሲደርስ ዘወር ይልና «ከነቫቱ ነው አይደል?» ይላል። ቫት ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ 15 በመቶ ሆኖ ኖሯል፤ ዛሬም የሚነሳው መጨረሻ ላይ፣ እግር ከወጣ በኋላ ነው። «አዎ» ካላችሁ 32,000ው ለ1.15 ይካፈላል። የናንተ 27,826 ብር ብቻ ይሆናል፤ የቀረው 4,174 የመንግሥት ነው። ትርፋችሁ ከ8,000 ወደ 3,826 ወረደ። እኔ የማውቃቸው ጠንካራ ቤቶች ለዚህ ጥያቄ ፋታ አይሰጡም፤ ገና ዋጋ ሲጠሩ «32,000፣ ሲደመር ቫት፣ 36,800» ብለው ሦስቱንም ቁጥር በአንድ ትንፋሽ ይናገራሉ።

በግብር በኩል ያለችው ሌላዋ ቀዳዳ ብየዳ ቤት ናት። በያጁ ጎበዝ ነው፣ ቃሉን ይጠብቃል፣ ደረሰኝ ግን የለውም። የከፈላችሁት 3,000 ብር ማስረጃ ስለሌለው ግብር ሲሰላ ወጪ ሆኖ አይያዝላችሁም፤ ያላተረፋችሁት ብር ትርፍ ተብሎ ግብር ይጠየቅበታል። እና አንዳንዴ ደረሰኝ ያለው፣ ዋጋው ትንሽ ከፍ ያለ በያጅ በመጨረሻ ይረክሳል። ድርጅት ደንበኛ ከሆነ ደግሞ ከክፍያው ላይ ቅድመ ግብር ይቀንሳል። ለረጅም ዓመታት 2 በመቶ ነበር፤ በ2017 በወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ 3 በመቶ ሆኗል። ከ32,000ው 960 ብር ማለት ነው። ገንዘቡ አይጠፋም፣ ከዓመቱ ግብር ይታሰባል፤ የተቀነሰበትን ደረሰኝ ሳይቀበል የወጣ ሰው ግን አውቆ ጣለው።

ክርክርን በተመለከተ ሹክ የምላችሁ ትንሽ ያስደነግጣል። «የመጨረሻውን ንገረኝ፣ የኔ ወንድም፤ አሥር በመቶ ቀንስልኝና እንጨርስ» ሲባል ቀላል ይመስላል። ከ32,000 አሥር በመቶ 3,200 ነው። ያ 3,200 ግን ከሕትመቱ አይቀነስ፣ ከበያጁ አይቀነስ፤ የሚወጣው ከ8,000ው ትርፍ ብቻ ነው። ለደንበኛው አሥር በመቶ የሆነው ለእናንተ አርባ በመቶ ነው። መሸነፍ ካለብን ከዋጋው ሳይሆን ከሥራው እንቀንሳለን። «እሺ፣ ጎኑን ከአሉኮቦንድ ወደ ላሜራ እናውርደው»፣ «መብራቱ ለስሙ ብቻ ይሁን፣ ስልክ ቁጥሩ በስቲከር ይጻፍ።» ደንበኛው ወይ ይቀበላል፣ ወይ «አይ፣ እንደ መጀመሪያው ይሁን» ብሎ ሙሉውን ይከፍላል። ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ነው የሚሆነው። ለነገሩ መጀመሪያውኑ ሦስት ዓይነት ሥራ ያቀረበ ሰው ብዙም አይከራከሩትም። ተቆርጦ የተነሳውን ስሪ ዲ ፊደል አስቀድሞ ያሳያል፣ ቀጥሎ ባለፍሌክሱን ባለመብራት፣ በመጨረሻ ቀላሉን ላሜራ። ያኔ ክርክሩ በዋጋ ላይ መሆኑ ይቀርና በምርጫ ላይ ይሆናል።

«በመኪናው አይተው ነው ዋጋ የሚጠሩት» እየተባልን እንታማለን። ሐሜቱ ውሸት ነው አልልም። ከአትላስ የመጣ ሰውና ከአራብሳ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ሱቅ የከፈተች ልጅ አንድ ዓይነት ቁጥር የማይሰሙበት ቤት አለ። እኔ በጫማ አይቶ ዋጋ መጥራትን አልወድም፤ ሁለቱ አንድ ቀን ይገናኛሉና። የሚሰቀልበትን ቦታ አይቶ ዋጋ መጥራት ግን ግዴታ ነው። የቦሌ መንገድ ሕንፃ ፊቱ መስታወት ወይም አሉኮቦንድ ነው፤ ልባሱ ታፔላ አይሸከምም፣ ከኋላው ያለውን ብረት ወይም ኮንክሪት ማግኘት አለባችሁ። ተራ ፊሸር አይበቃም። የሕንፃው አስተዳደር «ከእሑድ በቀር አይቻልም» ይላል፤ ወይም ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ። ከፍ ካለ መሰላሉ ቀርቶ ክሬን ይከራያል፤ ክሬኑ ደግሞ የሚያስከፍለው በደረሰበት ሰዓት እንጂ ጥበቃው በሩን በከፈተለት ሰዓት አይደለም። ይህን ሁሉ ሳያይ በስልክ ዋጋ የጠራ ሰው ትርፉን አራተኛ ፎቅ ላይ ትቶት ይወርዳል። ቦታውን ሄዶ ማየት፣ መለካት፣ ፎቶ ማንሳት፣ ከዚያ መናገር። ፈቃዱም አለ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ከወጣ ቆይቷል፤ የከተማው አስተዳደርም የራሱ አሠራር አለው። «የፈቃድ ክፍያና ጉዳይ በደንበኛው» የምትል መስመር ፕሮፎርማው ላይ ከሌለች ክፍለ ከተማ የምትመላለሱት እናንተ ናችሁ፤ ቤታችሁ በዚያን ቀን 3,000 እየበላ።

አሁን ወደ ዶላሩ ልምጣ፤ ብዙ ታፔላ ቤት የተሰበረው በዚህ ነው። በኛ ሥራ ከቱቦላሬው ብየዳና ከልጆቹ ጉልበት በስተቀር አገር ውስጥ የሚበቅል ነገር ጥቂት ነው። ሮሉ፣ ቀለሙ፣ አክሪሊኩ፣ ኤልኢዲው፣ ፓወር ሰፕላዩ ባሕር አቋርጦ ነው የሚመጣው። በጥቅምት 2010 ብር በ15 በመቶ እንዲዳከም ሲደረግ የመርካቶ ዋጋ በማግሥቱ ተቀየረ፤ እኛ ግን በድሮው ዋጋ የፈረምነውን ስንጨርስ ከረምን። የ2016ቱ የባሰ ነበር። በዚያ ዓመት የኮሪደር ልማቱ ተጀምሮ ከቦሌ እስከ መገናኛ የሕንፃዎች ፊት ሲታደስ የድሮ ታፔላዎች ወረዱ፣ አዳዲስ ታዘዙ፣ የሌሊት መብራት ተፈለገ። እንዲህ ያለ ሥራ ታይቶ አይታወቅም። ሰው ትእዛዝ ሰብስቦ፣ ቀብድ ተቀብሎ ወረፋ ላይ እያለ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በነሐሴ ውስጥ መቶን ተሻገረ። በሰኔ ዋጋ የተፈረመ ታፔላ በነሐሴ ዕቃ ሲሠራ ምን እንደሚሆን ለማወቅ የሒሳብ ሠራተኛ አያስፈልግም።

ያን ክረምት ሳይጎዱ የተሻገሩትን ቤቶች ልብ ብዬ አይቻለሁ። ካፒታላቸው ከሌላው አይበልጥም ነበር። ፕሮፎርማቸው ግርጌ ላይ «ይህ ዋጋ የሚጸናው ለ5 ቀናት ነው» የሚል መስመር ነበራቸው፤ ቀብድ በተቀበሉበት ቀንም ዕቃውን ገዝተው አስገብተዋል። ሌላው ልማዳቸው መጋዘን ውስጥ ያለ ሮልን በገዙበት ዋጋ አለመሸጣቸው ነው፤ ነገ በሚተኩበት ዋጋ ነው የሚያሰሉት። «በርካሽ ገዝተህ በውድ ትሸጣለህ» የሚል ደንበኛ አለ፤ ይበል። በገዛበት ዋጋ የሸጠ ሰው አንዱን ሮል ሸጦ ግማሽ ሮል ነው የሚገዛው።

ስለ ቀብድም አንድ ነገር ልበል። በየቦታው ግማሽ በግማሽ የተለመደ ነው፤ ለታፔላ ግን ግማሽ አይበቃም። የሌላ ሰው ስም የተጻፈበት ፊደል ለማንም አይሸጥም። ደንበኛው ሐሳቡን ከቀየረ ወይም ከአከራዩ ከተጣላ በእጃችሁ የሚቀረው ቱቦላሬው ብቻ ነው። ከላይ ባሰላነው ሥራ ዕቃው፣ ብየዳውና ገጠማው 17,000 ብር ነው፤ ከ32,000 ግማሹ 16,000። የተቀበላችሁት ቀብድ ከኪሳችሁ የሚወጣውን እንኳ አልሸፈነም ማለት ነው። ስለዚህ 70 በመቶ ይጠየቃል፤ ቀሪው ታፔላው በበራበት ሰዓት፣ ልጆቹ መሰላሉን ሳያወርዱ። «ነገ በቴሌብር እልክልሃለሁ» የሚባለው ነገ ረጅም ነው። ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የሚሠራ ደግሞ ያንን ነገ በወራት ያስብ። በ2013 ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ከቦሌና ከየካ ተቆርሶ ሲቋቋም በየወረዳው ጽሕፈት ቤት አዲስ ስም መጻፍ ነበረበት፤ መልካም ሥራ ነው፣ ክፍያው ግን በጀትና ፊርማ ይጠብቃል። የሚጠበቅ ገንዘብ ዋጋ አለው፤ ያንን ዋጋ መጀመሪያ ያላስገባ ሰው ለመሥሪያ ቤቱ ያለ ወለድ አበደረ።

ዲዛይን በነፃ ነው ይባላል፤ ነፃ አይደለም፣ ሌላ ቦታ ተደብቋል። የተደበቀውም ሥራው እኛ ዘንድ ሲቀር ብቻ ነው የሚገኘው። «እስቲ በቴሌግራም ላክልኝ፣ ለባለቤቴ ላሳያት» የተባለ ዲዛይን ሦስት ታፔላ ቤት ዞሮ በአራተኛው ይታተማል። የሚላከው ደብዛዛው፣ የቤቱ ስም በመሐሉ ያረፈበት ምስል ነው፤ ዋናው ፋይል ከቀብዱ በኋላ። የአማርኛው ፊደል ጣጣ ደግሞ ለብቻው ገንዘብ ያስወጣል። በፓወር ግዕዝ ፎንት የተጻፈ ሥራ ወደ ከርቭ፣ ማለትም ወደ ሥዕል መስመር፣ ሳይቀየር በፍላሽ ከሄደ፣ ፊደሉ የሌለበት የሕትመት ቤት ኮምፒውተር «ምግብ ቤት»ን የማይነበብ ምልክት አድርጎ ይከፍተዋል፤ ኦፕሬተሩ ቸኩሎ ካተመው የማን ጥፋት ነው? እና ደንበኛው ጽሑፉን ፊደል በፊደል አንብቦ ይፈርም። ከተፈረመ በኋላ የተገኘ ስሕተት በደንበኛው ሒሳብ ይታረማል።

መሥሪያ ቤቶች ለግዢ ስለሚጠይቁት ሦስት ፕሮፎርማ ብዙ አላወራም፤ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሦስቱንም ይዞ የመጣው አንድ ሰው የሆነበት ጊዜ አለ፣ «ለእኔስ?» የሚል ግዢ ሠራተኛም አለ። ያንን ዋጋ ውስጥ አስገብቶ የሚሠራ አለ፤ እኔ እንዲህ ያለውን ሥራ አልፈዋለሁ፣ የጽድቅ ጉዳይ ሆኖ ብቻ አይደለም። ያ ግዢ ሠራተኛ ሲቀየር ደንበኛውም አብሮ ይሄዳል፣ የተጋነነው ዋጋ ግን ፋይል ውስጥ በእናንተ ማኅተም ይቀመጣል።

ዘመድ፣ የሰፈር ልጅ፣ የዕድር ጸሐፊ፣ ለጥምቀት ባነር የሚያሰባስቡ ወጣቶች ይመጣሉ። ለእነዚህ ዋጋ አትቀንሱ፤ ከቻላችሁ በነፃ ስጡ፣ ካልቻላችሁ ሙሉውን ጥሩ። በነፃ የተሰጠ ነገር ስጦታ ነው፣ ምርቃት ያመጣል። በቅናሽ የተሰጠው ግን በሳምንቱ የሰፈሩ ዋጋ ሆኖ «ለእገሌ በዚህ ሠርተህለት የለ?» እየተባለ ይመለሳል። እንዲሁም ዝቅተኛ ዋጋ ይኑራችሁ። የበር ላይ «ክፍት ነው» ስቲከር በካሬ ቢሰላ ሳንቲም ነው፤ ኮምፒውተር ተከፍቶ፣ ተቆርጦ፣ ተነቅሎ፣ ሄዶ እስኪለጠፍ ግን ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ 1,500 ብር። ከዚያ በታች ከሆነ በሩን ባትከፍቱላት ይሻላል።

የመጨረሻዋን ሹክሹክታ ጎረቤቶቼ ባይሰሙኝ ደስ ይለኛል። ጥሩ ትርፍ ያለው ሌላ ሰው በሠራው ታፔላ ላይ ነው። በርካሽ የተሠራ ባለመብራት ታፔላ ፓወር ሰፕላዩ እስከ አፍንጫው ይጫናል፤ ከአቅሙ 80 በመቶ በላይ ባይጫን ኖሮ ዕድሜው ይረዝም ነበር። ክረምት ሲመጣ ውኃ ይገባበታል፣ አንድ ፊደል ይጠፋል፣ ቀጥሎ ሁለተኛው። በምሽት ከቦሌ ድልድይ ተነስታችሁ እስከ መድኃኔዓለም በእግር ሂዱና የጠፉ ፊደሎችን ቁጠሩ፤ በማግሥቱ ጠዋት ሱቁ ገብታችሁ ባለቤቱን አነጋግሩ። ለጥገና በካሬ የሚጠይቅ የለም፤ ሮል የለም፣ በያጅ የለም፣ ያለው እውቀትና መሰላል ነው። ውል ካሰራችሁ፣ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱ ከክረምት በፊት አንዱ ከመስከረም በኋላ፣ ገቢው ዶላር ሲወጣና ሲወርድ ብዙም አይናወጥም። ለመምጣትና ወጥቶ ለማየት ብቻ ስንት እንደምታስከፍሉ ግን ሳትሄዱ ወስኑ፤ «ዝም ብለህ እያትማ፣ ምን ትከፍላለህ» የሚለው ሰውዬ እዚያም ቆሞ ይጠብቃችኋል።